መምህርን ጋቢና የማስቀመጥ ጥበብ

ጁነይድ ዩኒቨርሲቲ ከገባ ወዲህ ያገኘው ትልቁ ዕውቀት ከመጽሐፍ የተገኘ አይደለም። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣ ሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ፣ የሐረጎ ዳገት ጉም አፍንጫውን እያቀዘቀዘው ሳለ ነው የበራለት። ዕውቀቱ እንዲህ የሚል ነበር፦ መምህሩ ሳይደርሱ ክፍል አይጀመርም፤ መምህሩ ደግሞ እኔ በሩን በምዘጋው መኪና ውስጥ ከተቀመጡ፣ እኔ ሳልደርስ አይደርሱም፤ እንግዲያው በዚህ ዓለም ላይ ማርፈድ የሚባል ነገር የለም።

ይህን ግኝቱን መጀመሪያ የነገረው ለፊርደውስ ነው። ፊርደውስ የክፍላቸው ተጠሪ ናት፤ በየጊዜው ተማሪው የሚፈርምበትን የስም ወረቀት የምታዞረው እሷ ናት።

«አጃኢብ!» አለችው። «ሦስት ዓመት ስታትስቲክስ የተማርከው ለዚህ ነው? መምህር አግተህ ልትመረቅ?»

«ምን አገትኳቸው? ጋቢና ነው የማስቀምጣቸው፤ በክብር።»

ጁነይድ የቦሩ ሜዳ ልጅ ነው። እናቱ ሐዋ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ታበቅላለች። ልጇ ደሴ ምን እንደሚማር ጎረቤት ሲጠይቃት «ቆጠራ ነው አሉ» ትላለች። «ምን ሊቆጥር?» ሲሏት «እኔ ምን አውቃለሁ፣ አገሩ እንደሁ የሚቆጠር አይጠፋበት» ብላ ወደ ድንቿ ትመለሳለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለ ጦርነቱ ደሴ ድረስ መጥቶ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶበት ነበር። አንድ ዓመት እንዲሁ ባከነ። ሌላው ሰው ስለዚያ ዓመት ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ጁነይድ ግን «እኔ እንኳ ያን ዓመት አንድም ቀን ክፍል አልቀረሁም፤ ክፍሉ ነው የቀረው» እያለ ያልፈዋል።

ያ የሦስተኛ ዓመት ሁለተኛ ሰሚስተር ግን ለቀልድም አልመች አለ። እናቱ ክረምቱን ታማ ሰነበተች፤ ማሳው ግማሹ ጦም አደረ። ጁነይድ ለቤት አንድ ነገር መላክ ነበረበት። የግቢው በር ከመንጋቱ በፊት ስለማይከፈት ከግቢ ወጥቶ ከፒያሳ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራየ፤ አልጋ ከገባባት ጫማ የማይገባባት፣ ጫማ ከገባባት ሰው የማይገባባት ዓይነት ክፍል። ንጋት ላይ የደምለው ሚኒባስ ረዳት ይሆናል፦ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ የጠዋት ፈረቃ የሚገቡ የፋብሪካ ሠራተኞችን ይጭናሉ፣ ሲመለሱ ወደ ደሴ የሚወጣውን ሰው። ደሴ ሲደርሱ በሩን ለሌላ ረዳት አስረክቦ በአቋራጩ ቁልቁል ወደ ትምህርት ክፍሉ ይሮጣል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፒያሳ፣ እትዬ ወርቄ ጭማቂ ቤት፣ አቮካዶ ይልጣል።

እትዬ ወርቄ መካሪ ሴት ናቸው፤ ምክራቸው ግን ከስድብ ተለይቶ አያውቅም። አንድ ቀን ጁነይድ ስፕሪስ ቀድቶ ብርጭቆውን እያየ ፈዘዘ። ከታች ፓፓያ፣ ከመሐል አቮካዶ፣ ከላይ ማንጎ። በልቡ «ማንጎው ከጠቅላላው ስንት እጅ ነው?» እያለ ነበር፤ የሚድ ፈተናው ላይ የወደቀው በዚህ ዓይነት ጥያቄ ነው።

«አንተ! ደንበኛው እኮ የሚጠጣው ነው፣ የምትመረምረው አይደለም!» አሉት። «ስማ፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። አንተ ጭራሽ ሦስት ዛፍ ላይ ወጥተሃል። ከአንዱ ውረድ።»

«ከየትኛው ልውረድ እትዬ?»

እትዬ ወርቄ ብርጭቆውን ነጥቀውት ሄዱ።

ጁነይድን በዚያ ሰሚስተር ዛፍ ላይ ያቆየው እንግዲህ ያ ግኝቱ ነበር። የግኝቱ ባለቤት ሳይሆኑ የግኝቱ ዕቃ የሆኑት መምህር ሰማኸኝ ይባላሉ። ሃምሳን የተሻገሩ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያሰሩ፣ ቁጥር የሚወዱ፣ ሰውም የማይጠሉ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ኮምቦልቻ ስለምትሠራ ቤታቸው እዚያ ነው፤ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ጁነይድን የሚያስተምሩት ግን ደሴ ነው። ሕጋቸው አንድ ነው፦ ከሦስት ጊዜ በላይ የቀረ ተማሪ የመጨረሻውን ፈተና አይቀመጥም። ለዚህ ሕግ ሲሉ የዲኑን የእኅት ልጅ ሳይቀር ከፈተና አስወጥተዋል እየተባለ ይወራል።

ሁለቱ የተዋወቁት በጸብ ነው። በሰሚስተሩ መጀመሪያ ሳምንት ጁነይድ፣ ሰውየው ማን እንደሆኑ ሳያውቅ፣ ከኋላ ወንበር አራተኛ ሰው አድርጎ አስገባቸውና የአንዲት ነጋዴ ሽንኩርት ጭናቸው ላይ አስቀመጠ።

«አንተ ወያላ! ይህ ወንበር ነው ወይስ ጉባኤ?»

«ጠጋ ይበሉ እንጂ አባቴ፤ አሁን የሚወርድ አለ።»

የሚወርድ አልነበረም። የሚወርድ ኖሮም አያውቅም። ሽንኩርቱ ደሴ ድረስ አብሯቸው ሄደ። ጁነይድ ያን ጠዋት ክፍል ገብቶ ሲቀመጥ፣ ያው ሽንኩርት ሽንኩርት የሚሸት ኮት ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሟል።

«አንድ ሚኒባስ አሥራ ሁለት ሰው እንዲጭን ተፈቅዶለታል እንበል» አሉ መምህሩ ጠመኔ እያነሡ። «በሕግ አሥራ ሁለት። በተግባር ስንት ይጭናል? ይህ እንግዲህ በብዙ ነገር ላይ የተመሠረተ ነው፤ በሰዓቱ፣ በገበያው ቀን፣ በትራፊክ ፖሊሱ። የወያላው ኅሊና ግን ዜሮ ነው ብለን እንነሣ።»

ክፍሉ ሳቀ። ፊርደውስ ከጎኑ ሆና በክርኗ ጎሸም አደረገችው። ጁነይድም የተጻፈውን ሁሉ፣ ኅሊናውን ጨምሮ፣ ደብተሩ ላይ ገለበጠ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ንጋት ላይ በር ሲይዝ ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ማስክ ያጠልቃል፤ ቆቡን እስከ ቅንድቡ ይጎትታል። «ደሴ ደሴ ደሴ!» ሲል የሻከረ ድምፁን ክፍል ውስጥ አያወጣውም፤ ከኋላ ተቀምጦ ይጽፋል ብቻ። መምህሩም ማክሰኞና ሐሙስ ጋቢና ተይዞ ስለሚጠብቃቸው ወያላውን ማመስገን ጀምረው ነበር። «ጸባዩን አሳመረ» ይሉታል ለደምለው። ደምለው ነገሩን ያውቃል። መኪናው ላይ በአንድ በኩል የማርያምን ሥዕል፣ በሌላው በኩል «ማሻአላህ» የሚል ለጥፏል፤ «አንዱ ሲተኛ ሌላው ይጠብቀኛል» የሚል ሰው ነው። «አዎ መምህር፣ ትምህርት ገብቶት ነው» ይላል፤ ሳቁን በጡሩምባው ይሸፍናል።

ግን ጥበብ ሁሉ ቀዳዳ አለው። አንድ ቀን መምህሩ በጓደኛቸው መኪና ሄዱና ጁነይድ አንድ ቀረ። አንድ ቀን የሚኒባሱ ጎማ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ፈነዳ፤ ሁለት። ሦስተኛውን እናቱን ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ይዟት ሲሄድ ቀረ። ሰሚስተሩ ሊያልቅ አንድ ክፍል፣ የመጨረሻው ሐሙስ ብቻ ቀረው፤ ፈተናው ከዚያ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ነው። ያን ሐሙስ ከቀረ አለቀ። ትምህርቱን ሊደግመው ዓመት መጠበቅ ሊኖርበት ነው፤ አንድ ዓመት ደግሞ ከዚህ በፊት ሰጥቷል።

«ሐሙስ መኪናውን ተውና በእግርህም ቢሆን ቀድመህ ና» አለችው ፊርደውስ።

«መምህሩን ለማን ትቼ?» አላት። እንዲያ ነው፤ ሰው በገዛ ብልሃቱ ሲታሰር ገመዱ አይታየውም።

ሐሙስ ጠዋት ሁሉም ነገር በሥርዓቱ ነበር። መምህር ሰማኸኝ ኮምቦልቻ መነኸሪያ በሰዓታቸው መጡ። ጋቢናውን ለመያዝ የተጣደፈውን አንድ ጎረምሳ ጁነይድ «ተይዟል፣ ተይዟል፣ በሽተኛ አለን!» ብሎ መለሰው። መምህሩ በሽተኛ መባላቸውን ሰምተው አንድ ጊዜ ዘወር ብለው አዩትና ገቡ። ትንሽ ቅር ያላቸው፣ እንቅልፍም ያጡ ይመስሉ ነበር። መኪናው ሞላ፤ ሞልቶም ትንሽ ተጨመረበት።

የሐረጎን ጠመዝማዛ አጋምሰው ወደ ላይ ሲታጠፉ ደምለው ሙዚቃውን አጠፋ። ከፊታቸው በአስፋልቱ ላይ ጀናዛ እየሄደ ነበር። ቃሬዛው በትከሻ ላይ፣ በላዩ አረንጓዴ ጨርቅ፣ ከኋላው ጥቂት ሰው። ወንዱ ገና ከየቤቱ ተጠራርቶ አላለቀም መሰለኝ፣ ተሸካሚዎቹ ሳይቀያየሩ ብዙ የመጡ ይመስሉ ነበር። ትንሽ ከፍ ብሎ ሸራ የለበሰ አይሱዙ ፊቱን ወደ ደሴ አዙሮ ቆሟል።

በእኛ አገር ጀናዛ ሲያገኙ ቆሞ ማሳለፍ ብቻውን አይበቃም። አቅም ያለው ወርዶ ጥቂት እርምጃ ትከሻውን ይሰጣል። ሙስሊም ነህ ክርስቲያን ነህ የሚል የለም፤ ሟቹን አውቀዋለሁ አላውቀውም የሚባልም ነገር የለም። ደምለው ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፤ አራት አምስት ሰው ተከተለው።

«ምን ትጠብቃለህ? ትከሻህን ለማን ልትሸጠው ነው?» አለው ጁነይድን።

ጁነይድ ወደ ጋቢናው አየ። መምህሩ ወንበሩ ላይ ቁልቁል ተንሸራተው፣ የተማሪ ወረቀት የያዘውን ክላሴር እስከ አፍንጫቸው አንሥተዋል። «ረፍዶባቸው ተናደዋል» አለ በልቡ፤ ይሁን፣ እሳቸው እዚህ ካሉ ክፍሉም እዚህ ነው። ሄደና የቃሬዛውን የኋላ ግራ ማዕዘን ተቀበለ።

አሥር እርምጃ እንኳ ሳይሄድ ዘወር አለ። ጥምጣማቸው የነጣ አንድ ሽማግሌ የጋቢናውን መስኮት በበትራቸው ያንኳኳሉ። በሩ ተከፈተ። መምህሩ ወረዱ። ሽማግሌው ክንዳቸውን ይዘው አንድ ነገር እያሏቸው ወደ ላይ ሄዱ። ከዚያ መምህር ሰማኸኝ፣ ክላሴራቸውን በብብታቸው እንደያዙ፣ ጁነይድን በጀናዛ ሥር ትተውት፣ ፊቱን ወደ ደሴ ወዳዞረው አይሱዙ ጋቢና ወጡ። አይሱዙውም ሞተሩን አስነሣ።

ጁነይድ ማሰብ አልቻለም። ማሰብ የጀመረው በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የሠሩት እግሮቹ ናቸው። ከኋላው ሲመጣ ለነበረው ለደምለው «ያዝልኝ!» አለና፣ መያዙን ሳያይ፣ ትከሻውን አወጣ። ቃሬዛው ወደ ግራ ዘመም አለ። «ያ ረሕማን!» የሚል ድምፅ ሰማ። አላቆመም። የሚሄድ መኪና ላይ መንጠልጠል መተዳደሪያው ነው፤ ዳገቱን እንደ ፍየል ወጥቶ የአይሱዙውን የኋላ ብረት ጨበጠ፣ እግሩን አነሣ፣ በሸራው ሥር አንገቱን አስገባ።

ከጭነቱ ላይ ሰባት ስምንት ሽማግሌዎች መቁጠሪያና አካፋ ይዘው ተቀምጠው አዩት።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አለ ጁነይድ፤ ሌላ የሚባል ነገር አልታየውም።

«ወዐለይኩም ሰላም። ምን ሆነህ ነው ልጄ እንዲህ የምትሮጠው?»

«መኪናው… ደሴ አይደለም እንዴ የሚሄደው?»

«መቃብር ነው እንጂ የሚሄደው። ጀናዛው እንደሁ ከኋላ ነው፤ አንተ ከሟቹ ቀድመህ ልትቀበር ነው?»

ሌላው ሽማግሌ «ተወው፣ ወጣት አይደል፣ መጣደፍ ልማዱ ነው» አሉ። አይሱዙውም ከአስፋልቱ ወጥቶ በኮረኮንቹ መንገድ ወደ መቃብሩ ታጠፈ።

መቃብሩ አፋፍ ላይ ነው። የተቆፈረው ጉድጓድ ቀይ አፈሩን ከቦት ይጠብቃል። ጁነይድ አንዱ አካፋ እጁ ላይ ሲያስቀምጥለት ተቀበለና ከቡድኑ ጫፍ ቆመ። መምህሩ ከጋቢናው ወረዱ፤ ማስኩንና ቆቡን አዩ፣ ግን ወያላ የትም ቦታ ወያላ ነውና ልብ አላሏቸውም። ነገሩን ከሽማግሌዎቹ ወሬ ነው የተረዳው። የሞቱት አዛውንት ልጅ፣ በሺር የሚባል የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ የመምህሩ ጎረቤት ነው፤ በአንድ ቅሬ ናቸው። ቅሬ ማለት ሲሞቱ የሚቀብር፣ ሳይሞቱ ደግሞ ለቀብር ያልመጣውን የሚቀጣ ማኅበር ነው። መስኮቱን ያንኳኩት ባለጥምጣም የቅሬው ዳኛ ሼህ ዘካሪያ ናቸው።

መምህሩ ስልካቸውን አወጡ። አፋፉ ላይ ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ ድምፁን ከፍ አደረጉትና በእጃቸው ዘርግተው ያዙት። ሁሉም ይሰማል።

«ፊርደውስ! ቀብር ላይ ነኝ፤ አልመጣም። ወረቀቱን አዙሪ። የዛሬው ፊርማ የግድ ነው፣ ከሦስት በላይ የቀረ ሰኞ እንዳይመጣ ንገሪያቸው።»

«እሺ መምህር። ነፍስ ይማር።»

«ቆይ፣ ሦስት ጊዜ ቀርቶ አፋፍ ላይ የደረሰ አንድ ልጅ አለ፤ ጁነይድ የሚባል። እሱ አለ?»

ጁነይድ አካፋውን ጨበጠ። ስልኩ ትንሽ ተንኮሻኮሸ።

«አለ መምህር» አለች ፊርደውስ። «ከኋላ ተቀምጧል። እየጻፈ ነው።»

መምህሩ ስልካቸውን ዘጉ። ጁነይድ ከማስኩ ሥር ትንፋሹን ለቀቀ። አላህ ፊርደውስን ከነወረቀቷ ጀነት ያስገባት! ፈርማለታለች። አሁን ከእሱ የሚፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዝም ማለት። አፈሩን ይመልሳል፣ ይሄዳል፣ ሰኞ ይፈተናል።

ያን ጊዜ ጀናዛው ደረሰ። የኋላውን ግራ ማዕዘን የተሸከመው ደምለው ነበር፤ ላቡ አገጩ ላይ ይንጠባጠባል። ቃሬዛውን አሳርፎ ቀና ሲል ዓይኑ አካፋ የያዘው ማስክ ላይ ወደቀ።

«ይኸውላችሁ! ይኼ ነው ማዕዘኑን ጥሎብኝ የሮጠው!»

ሰው ሁሉ ዞረ። መሐል አስፋልት ላይ ጀናዛ ጥሎ መሮጥ በዚያ አገር ስም የለውም፤ ማንም አድርጎት ስለማያውቅ ስም አልወጣለትም። የሟቹ ልጅ በሺር ከሰዎቹ መሐል ወጣ። ዓይኑ ቀልቷል። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር።

«ወንድሜ» አለው ለጁነይድ፣ «አባቴ ምን አድርጎህ ነው? ወይስ ሰው የሚሸሸው ነገር ሰምተህበት ነው? ንገረኝ፣ እኔም ልወቀው።»

ጁነይድ ብዙ ውሸት ያውቃል። «የሚወርድ አለ» ማለትን የተካነ ሰው ነው። «ሆዴን አመመኝ» ሊል ይችላል፤ ማን ይመረምረዋል? ግን ሰውየው አባቱ ተንቀው እንደሆነ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቆሞ እየጠየቀው ነው። እነዚያ የደከሙ ዓይኖች እያዩት ሆዱን የሚያመው ሰው መሆን አልቻለም። ቆቡን አወለቀ፤ ማስኩንም ወደ አገጩ አወረደ።

«አፉ በለኝ ወንድሜ። አባትህን አላውቃቸውም፣ አላህ ይዘንላቸው። የሮጥኩት ክፍል እንዳይጀመርብኝ ነው። መምህሬ አይሱዙው ላይ ሲወጡ አይቼ ደሴ የሚሄዱ መስሎኝ… ዛሬ ከቀረሁ ፈተና አልቀመጥም።»

«የትኛው መምህር?» አሉ ሼህ ዘካሪያ።

ጁነይድ በአገጩ ጠቆመ። መምህር ሰማኸኝ መነጽራቸውን ከደረታቸው አንሥተው አደረጉት።

«እኔ? አንተ የእኔ ተማሪ ነህ? ስምህ ማነው?»

«ጁነይድ።»

«ጁነይድ ክፍል ውስጥ ነው! አሁን በስልክ…»

«አዎ መምህር» አለ ጁነይድ፤ ሌላ መውጫ አልነበረውም። «ከኋላ ተቀምጬ እየጻፍኩ ነው።»

ከዚያ አንዱ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን የጠረጉ መሰሉ፤ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ አልነበረም። የጎናቸው ሰውም ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሼህ ዘካሪያ «አስተግፊሩላህ፣ አስተግፊሩላህ» እያሉ የጥምጣማቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ። ደምለው ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ። በሺር ራሱ፣ አባቱ እግሩ ሥር ተጋድመው፣ ፈገግ ብሎ እንባው ወረደ። «አባቴም ቢሰማ ይስቅ ነበር» አለ፤ ጁነይድንም ትከሻውን መታ አደረገው።

ጁነይድ ግን አልሳቀም። አሁን ነው የገባው፦ ራሱን ብቻ ሳይሆን ፊርደውስንም ቀብሯታል።

ዱዓው ተደረገ፤ ሟቹ አፈር ለበሱ። ጁነይድ እንደ ቅጣት ቆጥሮት የሁለት ሰው አፈር መለሰ። ሲጨርሱ መምህሩ ሸሚዛቸውን እያራገፉ «እንግዲህ የሐሰት ፊርማ ነው» አሉ ለማንም ሳይሆን። «አንድ ቀሪ፣ አንድ ሐሰተኛ። ሕጉ ግልጽ ነው።»

«መምህር» አሉ ሼህ ዘካሪያ ቀስ ብለው፤ ክፋት በሌለበት ግን ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። «ትናንት ማታ መልእክት ስንልክብህ ሚስትህ ‹ነገ ትምህርት አለው› አለችን። እኛም ቀሪ ብለን ያዝንህ። ዛሬ ጋቢና ውስጥ ተሸጉጠህ አገኘንህ፤ መጥተሃልና ፋቅንልህ። ይኼም ልጅ አመለጥኩ ብሎ ሮጦ ሮጦ እዚሁ መጣ። እኛ ቀሪ የምንለው ያልመጣውን ነው፤ የመጣው እንዴት እንደመጣ አንጠይቅም።»

«የእኔ ክፍል ቅሬ አይደለም፣ ሼህ ዘካሪያ።»

«እሱስ ልክ ነህ። ቅሬ ቢሆን ይኼን ያህል የሚቀር አይኖርም ነበር።»

መምህሩ ከአንገታቸው እስከ ጆሯቸው ቀሉ።

በእግር ወደ አስፋልቱ ወረዱ። ተሳፋሪው የቀብሩን ነገር ሰምቶ ስለነበር ስለመዘግየቱ ማንም አልተናገረም፤ ከዚያ ይልቅ ሁሉም ጁነይድን እያየ ይንሾካሾካል። መምህሩ ጋቢና ገቡ። ጁነይድ በሩን ዘጋ። ማስኩን አላጠለቀም፤ የሚሸሽግለት ነገር አልነበረውም። ሐረጎን ጨርሰው፣ የጦሳ ተራራ ከጉሙ ወጥቶ፣ ደሴ በየዳገቱ ላይ እንደተንጠለጠለች እስክትታይ ድረስ መምህሩ ክላሴራቸውን ሲያገላብጡ ነበር። ጁነይድ የመምህሩን ማጅራት እያየ ዓመቱን በልቡ ቆጠረ፦ ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሰኔ… እንደገና ያው መጽሐፍ፣ ያው ሰሌዳ። ለእናቱ ምን ብሎ ይነግራታል? ፊርደውስስ ምን ትሆናለች? ከተጠሪነት ቢያወርዷት ግድ የላትም፤ ቢያስቀጧት ግን የእሱ ዕዳ ነው።

ደሴ መነኸሪያ ደረሱ። ሰው ወረደ። መምህር ሰማኸኝ የመጨረሻ ሆነው ወረዱና ክላሴራቸውን አስተካክለው ፊቱ ቆሙ። ማስክ የሌለውን ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ይመስል ረጅም ጊዜ አዩት።

«ያ ሽንኩርት የአንተ ነበር?»

«የነጋዴዋ ነበር መምህር። ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

«ኮቴ እስከ ዛሬ ይሸታል።» ሄዱ። ሁለት ሦስት እርምጃ ከሄዱ በኋላ ዘወር ሳይሉ እጃቸውን አነሡ። «ሰኞ እርሳስና ላጲስ ይዘህ ና። ለዚያች ለተጠሪዋም ንገራት፣ ወረቀቱን ካሁን በኋላ እኔ ራሴ ነኝ የማዞረው። ፈተና ላይ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ እንዳላገኛችሁ!»

ጁነይድ «እሺ መምህር» ማለቱን እንኳ አላወቀም። ባጃጁ መምህሩን ይዞ እስኪታጠፍ ቆሞ ቀረ። ሰኞ ፈተና አለው። እስካሁን ደግሞ ምንም አላጠናም፤ በሚድ ፈተናው የጣለው ምዕራፍ ገና እንደነበረ ነው፤ ከሰዓት በኋላ አቮካዶ አለ፤ ነገ ንጋት የጠዋት ፈረቃ አለ።

«አንተ!» አለ ደምለው ከመሪው ላይ። «ክፍል ውስጥ ተቀምጠህ እየጻፍክ ነው ወይስ እዚህ ነህ?»

«እዚህ ነኝ።»

«እንግዲያው ጥራ!»

ጁነይድ በሩ ላይ ወጣና ማስክ በሌለው አፉ «ኮምቦልቻ ኮምቦልቻ ኮምቦልቻ!» እያለ መጣራት ጀመረ።